ትሕትና የሚመስል እምቢታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በምናገለግልበት ደብር በአንድ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሥርዓተ ሕፅበተ እግር ይፈጸም ነበር። ውኃው ተጸልዮበታል፤ የወይራውና የወይኑ ቅጠልም ቀርቧል። አንድ አባት ካህን ጎንበስ ብለው ከአገልጋዮች ጀምሮ የምእመናኑን እግር እያጠቡ ሲመጡ እኛ ደግሞ ውኃውን ይዘን ከአጠገባቸው እንከተል ነበር። ተራው አንድ አረጋዊ ዘንድ ደረሰ። እኒህን አባት ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ለዓመታት ከኋላ በኩል፣ ከግንቡ ጥግ ቆመው የሚያስቀድሱ፣ ከሰው ፊት መታየትን የማይወዱ ሰው ናቸው። ካህኑ እጃቸውን ሲዘረጉ አረጋዊው እግራቸውን ወደ ጋቢያቸው ሰበሰቡ። «አይሆንም አባቴ! እርስዎ የእኔን እግር? እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም» አሉ። ካህኑ እንዳጎነበሱ ቀና ብለው አዩአቸውና «ቅዱስ ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር» አሏቸው። አረጋዊው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እግራቸውን ዘረጉ።

ያች አጭር መልስ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆናናለች። ስለ ትሕትና ብዙ ተሰብኳል፤ ትዕቢት ክፉ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያንም የለም። ይሁን እንጂ ትዕቢት ሁልጊዜ በገዛ መልኩ አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ማን ነኝና?» እያለ ይመጣል። አረጋዊው ትዕቢተኛ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም እንደ እርሳቸው ያለ ቅን ልብ ቢኖረን በወደድን ነበር። ነገር ግን ቅን ሰው እንኳ ሳያውቀው የሚወድቅበት፣ ትሕትና የሚመስል፣ ፍሬው ግን ከጸጋ መራቅ የሆነ እምቢታ አለ። የምንነጋገረው ስለዚህ እምቢታ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያች ሌሊት ያደረገውን እናስተውል። ጌታችን ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ወደ እርሱ በደረሰ ጊዜ ጴጥሮስ ፈጽሞ እንደማይታጠብ ተናገረ (ዮሐ. 13፥6-8)። ንግግሩ ለሚሰማው ሰው የትሕትና ቃል ነው። መምህሩን ስለሚያከብር፣ ራሱንም የማይገባው አድርጎ ስለሚቆጥር የተናገረው ነው። ጌታችን ግን አላመሰገነውም፤ ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል እንደሌለው ነገረው እንጂ። ይህን ሲሰማ ጴጥሮስ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ፤ እግሩ ብቻ ሳይሆን እጁና ራሱም ይታጠብለት ዘንድ ለመነ። ጌታችን ይህንንም መልሶ አስተካከለለት። በመጀመሪያው ጊዜ ጴጥሮስ ከተሰጠው አሳነሰ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ከተሰጠው አስበለጠ፤ በሁለቱም ጊዜ ግን መጠኑን የወሰነው ራሱ ነበር። ትሕትና የጀመረችው መጠኑን ለጌታው ሲተውለት ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅም በዮርዳኖስ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ጌታችን ሊጠመቅ ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ፣ እርሱ ራሱ በጌታው ሊጠመቅ እንደሚገባው ተናግሮ ሊከለክለው ፈልጎ ነበር (ማቴ. 3፥13-15)። አንድ ቃል በተነገረው ጊዜ ግን እጁን ዘረጋ። «አይገባኝም» ማለቱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የአለመብቃቱን እውነት ከታዘዘው ነገር አላስበለጠውም። በየዓመቱ ጥምቀትን ስናከብር የምናከብረው የጌታችንን ትሕትና ነው፤ የመጥምቁ ትሕትናም ከዚሁ በዓል ውስጥ እንዳለች ብዙ ጊዜ አናስታውስም።

ለመሆኑ ትሕትና ምንድን ናት? ቃሉ የግእዝ ነው፤ «ታሕት» ከሚለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በአማርኛ «ታች» የምንለውም ከዚያው የመጣ ነው። ስለዚህ ትሕትና ሲባል ወዲያው ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዝቅ ማለት ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከምን ዝቅ ማለት እንደ ሆነ ካልታወቀ ትርጉሙ ይጠፋል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ የሚተርኩት ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሳጥናኤል ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ ባለ ጊዜ በዓለመ መላእክት ሁከት ሆነ። በዚያን ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል መላእክቱን ያረጋጋቸው ፈጣሪያቸው እስኪገለጥላቸው ድረስ እያንዳንዳቸው በተፈጠሩበት ቦታ ጸንተው እንዲቆሙ በመንገር ነው። አስተውሉ፤ ከቦታቸው ወርደው ከታች እንዲሆኑ አላዘዛቸውም። ሳጥናኤል የወደቀው ከተሰጠው ቦታ ወጥቶ ስለ ተገኘ ነው፤ ቅዱሳን መላእክት የዳኑት ደግሞ በተሰጣቸው ስለ ጸኑ ነው። እንግዲህ ትሕትና ማለት እግዚአብሔር ባቆመን ቦታ መቆም ነው። ከዚያ በላይ መውጣት ትዕቢት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ያቆመንን ትቶ ወደማናውቀው ጥግ መሸሽም በራስ ፈቃድ ከቦታ መውጣት ነውና ከትሕትና አይቆጠርም።

ይህን ይበልጥ የሚያስረዳን የራሱ የጌታችን ትሕትና ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት የምትጀምረው «ዘወረደ» በተባለው ሳምንት ነው፤ የወረደው ማለት ነው። ከጾምና ከስግደት ትምህርት አስቀድማ የአምላክን መውረድ ታስነግረናለች። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ በመካከላቸው የነበረውን መከፋፈል ለማከም ያቀረበው መድኃኒት ይኸው ነበር፤ በመለኮቱ ከአብ ጋር የተካከለው የባሪያን መልክ እንደ ያዘ፣ እስከ መስቀል ሞትም እንደ ታዘዘ አስታወሳቸው (ፊልጵ. 2፥5-8)። ትሕትና የጉድለት ስሜት ቢሆን ኖሮ ጉድለት የሌለበት አምላክ ትሑት ሊባል ባልቻለ ነበር። እርሱ ግን መለኮቱ ሳይለወጥ፣ ክብሩ ሳይቀነስ ሥጋን ተዋሕዶ ወረደ። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስም የእግር ማጠቡን ታሪክ ከመተረኩ በፊት አንድ ነገር አስቀድሞ ይነግረናል፤ ጌታችን አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው፣ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣና ወደ እግዚአብሔርም እንደሚሄድ እያወቀ ከራት ተነሣ (ዮሐ. 13፥3-4)። ማንነቱን እያወቀ ጎነበሰ። አጥቦ ሲፈጽምም መምህርና ጌታ ብለው መጥራታቸው ተገቢ መሆኑን ነገራቸው እንጂ «እኔስ ምንም አይደለሁም» አላላቸውም።

ማር ይስሐቅ ትሕትና የመለኮት ልብስ መሆኗን የሚያስተምረው ለዚህ ነው። አካላዊ ቃል ሰው በሆነ ጊዜ የለበሳት እርሷ ናትና የሚለብሳት ሁሉ ከላይ የወረደውን ይመስላል። ገዳማውያን አባቶቻችን መጽሐፉን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር አድርገው ዘወትር የሚያነቡት ትሕትናን እንደ ጠባይ ሳይሆን እንደ ሕይወት ስለሚማሩበት ነው። እመቤታችንም በኤልሳቤጥ ቤት ራሷን የጌታ ባሪያ እያለች በዚያው ምስጋናዋ ትውልድ ሁሉ ብፅዕት እንደሚሏት፣ ብርቱ የሆነ እርሱም ታላቅ ሥራ እንዳደረገላት ተናግራለች (ሉቃ. 1፥46-49)። የተሰጣትን አልካደችም፤ የሰጣትንም አልረሳችም። «ምንም አልተሰጠኝም» ማለት ለሰጪው ምስጋናን መንፈግ ነውና።

ወደ ራሳችን ኑሮ ስንመለስ ግን ነገሩ ውስብስብ ይሆናል። በሀገራችን ትሕትናን ከሚመስሉት ነገሮች የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ስሙ እንደሚነግረን ዓይኑ ያለው «ምን ይሉኛል?» በሚለው ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያገለግለው እግዚአብሔርን ወይም ባልንጀራን ሳይሆን የራስን ስም ነው። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ያሠራናል፤ ከብዙ ነውርም ይጠብቀናልና ፈጽመን አናጣጥለውም። ትሕትና ግን አይደለም። የሚያየን ሰው በሌለበት ይሉኝታ ይጠፋል፤ ትሕትና አትጠፋም።

በየድግሱ የምናየውን እንጥቀስ። እንግዳ ሲገባ «ወደ ላይ ይለፉ» ይባላል፤ እርሱም «እዚህ ይበቃኛል» ብሎ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ጌታችን ለሠርግ የተጠራ ሰው የክብርን ስፍራ እንዳይመርጥ አስተምሯልና (ሉቃ. 14፥7-11) መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን በልባችን እስክንጠራ እየጠበቅን እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትተው ካላስነሡን ቅር ይለናል፤ ወደ ቤታችን ስንመለስም የምናወራው እርሱኑ ነው። ያ ሰው ዝቅተኛውን ወንበር የያዘው ከፍተኛውን ለማግኘት ነበር ማለት ነው።

እኛ አገልጋዮች ደግሞ የባሰ ፈተና አለብን። በዐውደ ምሕረት ቆመን «እኔ ኃጢአተኛው፣ ምንም የማላውቀው ወንድማችሁ» ብለን ስብከት እንጀምራለን። ከመርሐ ግብሩ በኋላ ግን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ያነሣኸው ጥቅስ እኮ ቦታው እርሱ አይደለም» ቢለን ፊታችን ይለወጣል። ኃጢአተኛ መሆናችንን ራሳችን ስንናገረው ይጣፍጠናል፤ ሌላው ሲያምነን ግን እንቆጣለን። ለጉባኤ በተዘጋጀ ማስታወቂያ ላይ ስማችን ስንተኛ እንደ ተጻፈ፣ ፎቶግራፋችን ከማን ፎቶግራፍ አንሶ እንደ ወጣ የምናይበት ዓይን መንፈሳዊ ዓይን አይደለም። ይህን የምንጽፈው ሌሎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ አይተን ስለምናውቅ ብቻም አይደለም።

ትሕትና እውነተኛ መሆኗ የሚታወቀው በምንናገረው ሳይሆን ስንታረም ነው። በቅኔ ቤት ሳለን የሆነ ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ ውሎው ቅኔ መቁጠር ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ብቻውን ሲያሰላስል ይውልና ወደ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። አንድ ቀን በጣም የወደድነውን ጉባኤ ቃና ይዘን ቀረብን። የኔታ ሰምተው ሰሙና ወርቁ እንዳልተገናኙ ተናገሩና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። በጓደኞቻችን ፊት ነበርና ክፉኛ ተሰማን። ከማግሥቱ ጀምሮ ቅኔ መንገር ተውን። ለምን እንደማንነግር የጠየቁን ባልንጀሮቻችን «ገና ነን፣ አልበሰልንም» የሚል መልስ አገኙ፤ እነርሱም ትሕትናችንን አደነቁ። በሦስተኛው ቀን የኔታ አስጠሩንና «አልበሰልኩም የምትል ከሆነ ከእሳቱ ለምን ሸሸህ?» አሉን። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በዚያ ምሽት የተሰበረ ቅኔያችንን ይዘን ተመለስን፤ እርሱም ታረመ። ሰሙና ወርቁ እንዴት እንደሚገናኝ የተማርነው ያን ጊዜ ነው። በኋላ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ስለ ትሕትና ያነበብነው ብዙ ነገር ከዚያች ጥያቄ ያለፈ ሆኖ አላገኘነውም።

በቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ነገሥታት በአንድ ዓይነት ቃል ንስሐ ሲገቡ እናያለን። ሳኦል አስቀድሞ ዓይን አፋር ነበር፤ ለንግሥና ሲፈለግ በዕቃ መካከል ተሸሽጎ ተገኝቷል (1ኛ ሳሙ. 10፥22)። ያየው ሁሉ ትሑት ነው ሳይል አይቀርም። ዳሩ ግን ሳሙኤል በገሠጸው ጊዜ መጀመሪያ ምክንያት አበዛ፤ ከዚያም መበደሉን አምኖ በዚያው አንደበቱ በሽማግሌዎችና በእስራኤል ፊት እንዲያከብረው ነቢዩን ለመነው (1ኛ ሳሙ. 15፥30)። ዳዊት ኃጢአቱ ከሳኦል የቀለለ አልነበረም፤ ዝሙትና ደም ነበረበት። ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ግን ያለ ምክንያት በደሉን አመነ (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ሳኦል ነውሩ እንዲሸፈንለት ፈለገ፤ የዳዊት ንስሐ ግን በመዝሙር 50 እስከ ዛሬ በሰው ሁሉ አፍ ይጸለያል። ዓይን አፋርነት ተፈጥሮ ነው፤ ሰው ሲወለድ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ትሕትና ግን ከገሥጻዌ በኋላ የምትታይ የልብ ሥራ ናት።

እንግዲህ «አልችልም» የሚለውን እንይ። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ ዘወረደ እንደ ሆነ ተናግረናል፤ ስድስተኛው ሳምንት ደግሞ «ገብር ኄር» ይባላል፤ ቸር አገልጋይ ማለት ነው። በዚያ ሰንበት ስለ መክሊቱ ምሳሌ እንማራለን (ማቴ. 25፥14-30)። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ አልሰረቀም፣ አላባከነም፣ ከባልንጀሮቹም አልተመካም። ቆፍሮ ቀበረው እንጂ። ከሦስቱ በጣም ጸጥተኛው እርሱ ነው ማለት ይቻላል፤ የተፈረደበትም እርሱ ነው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ማስተማር እየቻሉ «ለእኔ አይገባም» የሚሉ፣ በየሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ማወቃቸው እየተፈለገ «ከእኔ የተሻለ አይጠፋም» ብለው የሚቀሩ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ከእነርሱ መካከል በእውነት የሚፈሩ አሉ፤ ለእነርሱ ማበረታታት ይገባል። ነገር ግን ሥራውን ከያዝን እንነቀፋለን፣ ካልያዝን ግን ስማችን እንደ ተከበረ ይኖራል የሚል ስሌትም በውስጡ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል። ሙሴ በምድር ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት መሆኑ ተጽፎለታል (ዘኁ. 12፥3)። ያ ሙሴ በሲና ቁጥቋጦ ፊት ደጋግሞ ምክንያት ሲያቀርብ እግዚአብሔር ታገሠው፤ በመጨረሻ ሌላ ሰው ይላክ ባለ ጊዜ ግን ተቆጣ (ዘጸ. 4፥13-14)። ሙሴ በትሕትናው የተመሰገነው ከሄደ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ይኸው እምቢታ ከቅዱስ ቍርባን ሲለየን ነው። በብዙ አጥቢያዎች ቅዳሴው ሲፈጸም ወደ ቅዱስ ሥጋውና ክቡር ደሙ የሚቀርቡት ሕፃናትና በዕድሜ የገፉት ናቸው። በመካከል ያለው ትውልድ ቆሞ ያስቀድሳል፣ ይሰግዳል፣ ጠበል ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለምን እንደማይቆርብ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ አልበቃሁም»። ይህ መልስ እኛንም ለብዙ ጊዜ ያረካን ነበር፤ ለቅዱሱ ነገር ያለን ፍርሃት ይመስለን ነበርና። ዛሬ ግን እንዲህ ለሚለን ሰው አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፦ የምትበቃው መቼ ነው? ማን ሲያበቃህ? በራሳችን ጥረት በቅተን የምንቀርብ ከሆነ የመድኃኒቱ ጥቅም ምንድን ነው? ምጥው ለአንበሳ የተባለው ቅዱስ አግናጥዮስ ለኤፌሶን ምእመናን በጻፈው መልእክቱ ስለ ቅዱስ ቍርባን የሚናገረው ሞትን እንደሚያርቅ መድኃኒት አድርጎ ነው። ታማሚ ከዳንኩ በኋላ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ አይልም።

የቅፍርናሆሙ መቶ አለቃ ጌታችን ከቤቱ ጣራ በታች ሊገባ እንደማይገባው ተናገረ (ማቴ. 8፥8)። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሰው እንደ ትሕትና አብነት ታቀርበዋለች። ነገር ግን «አይገባኝም» ብሎ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በዚያው ቃል ውስጥ ብላቴናው እንዲፈወስለት እየለመነ ነበር፤ የሚለምነውንም ይዞ ሄደ። ቀራጩም በሩቅ ቆመ እንጂ ከቤተ መቅደስ አልቀረም (ሉቃ. 18፥13)። አለመብቃታቸው ወደ ጌታ የሚያስሮጣቸው ነበር፤ የእኛ አለመብቃት ግን ከጌታ ፊት የሚያስሸሸን ሆኗል።

ይህን ስንል ያለ ንስሐና ያለ ዝግጅት በድፍረት እንቅረብ ማለታችን እንዳይመስል። ሳይገባው የሚቀበል ዕዳ እንዳለበት ቅዱስ ጳውሎስ አስጠንቅቋል (1ኛ ቆሮ. 11፥27-29)። ነገር ግን ያንኑ ምዕራፍ በጥንቃቄ እናንብበው፤ ሐዋርያው ሰው ራሱን መርምሮ እንዲቀበል አዘዘ እንጂ ራሱን መርምሮ እንዲቀር አላዘዘም። ምርመራው የመቅረቢያ መንገድ ነው። «አልበቃሁም» የሚለው ቃል እውነተኛ ትሕትና ከሆነ የሚቀጥለው እርምጃ ወደ መምህረ ንስሐ መሄድ ነው፤ መናዘዝ፣ ቀኖናን መቀበል፣ ከተጣሉት መታረቅ፣ ሲፈቀድም መቅረብ። ወደዚያ የማይወስድ «አልበቃሁም» ምናልባት ኑሯችንን መለወጥ አለመፈለጋችንን የምንሸፍንበት መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ቃሉ መራራ ነው፤ እኛም ለራሳችን ስንነግረው የመረረን ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ትሕትና የግፍ መሣሪያ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ትሕትና ይኑርሽ፣ ቻዪው» እያልን ወደ ዱላው የምንመልስ፣ ደመወዙን የተከለከለውን ሠራተኛ ዝም እንዲል የምንመክር አለን። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ ለምን እንደ መታው መቺውን ጠይቆታል (ዮሐ. 18፥22-23)። ቅዱስ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ መደብደቡን ሸሽጎ በስውር ሊወጣ አልፈቀደም (ሐዋ. 16፥37)። ትሕትና ከራሳችን የምንፈልጋት እንጂ ከደካማው ላይ የምንጭናት ሸክም አይደለችም። ማበሻውን ጨርቅ የታጠቀው መምህሩ ነበር።

ይህች ሕይወት በአንድ ቀን አትገኝም። አባቶቻችን ሥጋም ከነፍስ ጋር እንዲማር ስለሚፈልጉ ሥርዓቱን በአካል የሚፈጸም አድርገውታል፤ ጫማ አውልቆ መግባት፣ ነጠላን አጣፍቶ መቆም፣ በግንባር ወድቆ መስገድ፣ ለካህን መስቀል ጎንበስ ማለት ሁሉ ትምህርት ነው። የአብነት ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ በእመቤታችን ስም ሲለምን የሀብታም ልጅም የድኃ ልጅም እኩል ነው። የሰጡትን ተቀብሎ ይመርቃል፤ ካልሰጡት ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል፤ ውሻ ሲያባርረውም ወድቆ ይነሣል። ያን ጊዜ የተማርነው ትልቁ ነገር መቀበልን ነው። መስጠት ለሰው ልብ ደስ ይላል፣ ከፍ ያደርጋል፤ ባዶ እጅን ዘርግቶ መቀበል ግን ይከብዳል። ዛሬ በከተማ ስንኖር፣ ደመወዝ ስናገኝ፣ ያ እጅ ቀስ በቀስ ይታጠፋል።

በመጀመሪያ ወደ ጠቀስናቸው አረጋዊ እንመለስ። በዚያ የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ንዋያተ ቅድሳቱን ሰብስበን ስንወጣ እግራቸውን ካጠቧቸው ካህን ጋር ቆመው አየናቸው። የንስሐ አባታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት እንደ ሆናቸው፣ እስካሁን ሌላ እንዳልያዙ እየነገሯቸው ነበር። «አስቸግርዎ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ…» ሲሉ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለእኛ የሚገባ ነገር አልነበረምና አልፈን ሄድን። ከትንሣኤ በኋላ በአንዱ እሑድ ጽዋውን ይዘን ከቤተ መቅደስ ስንወጣ ግን ከግንቡ ጥግ አልነበሩም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እናቶቻቸው ካቀፏቸው ሕፃናት ቀጥለው፣ እንደ ሕፃናቱ አፋቸውን ለመክፈት ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።